በሁለት እጅ የሚታሰር ጭምብል

ከቤርጋሞ እስከ ፌራራ እኔ ኦርሶላ ያላለቀስኩበት አደባባይ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ በሣንቃ መድረክ ላይ አፍቃሪዋን ወጣት ሆኜ ስጫወት ኖሬያለሁ። ግጥም ሳወርድ ምላሴ ጤፍ ይቆላል፤ በመስኮት ብቅ ብዬ "ወየው ልቤ!" ስል የሥጋ ሻጮቹ ሚስቶች መሐረባቸውን ያወጣሉ። በእኛ ሙያ አፍቃሪዎች ጭምብል አያጠልቁም። ሕዝቡ የሚመጣው ፊታቸውን ሊያይ ነው። ጭምብል የሽማግሌዎቹና የአሽከሮቹ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ላቪኒያ የምትባል፣ ገና አፏ ወተት ወተት የሚል ልጅ የእኔን ግጥም ከመጋረጃ ጀርባ ስትለማመድ ሰማኋት። ቀና ብዬም አየኋት። ነገር በዓይን ይገባል፤ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹን አጋምሷል፣ የእሷ ጉንጭ ደግሞ ገና ከዛፍ እንደወረደ ኮክ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ጥግ ይዛ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን በነፃ አላለቅስም። ቀጥ ብዬ ወደ ባርባ ዛካሪያ ሄድኩ።

ባርባ በእኛ ወገን አጎት ማለት ነው። ባርባ ዛካሪያ የማንም የሥጋ አጎት አልነበሩም፤ የቡድኑ ሁሉ አጎት ነበሩ። ረሃብተኛውን አሽከር የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። ጭምብላቸው ከጥቁር ቡናማ ቆዳ የተሠራ፣ አፍንጫው የረዘመ፣ ግንባሩ ላይ እባጭ ያለበት፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚቀር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ላባቸውን ጠጥቶ እንደ ጓንት ለስልሷል። ሳገኛቸው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባ ይጠጡ ነበር።

"ባርባ፣ ጭምብልዎን እፈልገዋለሁ" አልኳቸው።

"አሁን ሾርባ እየጠጣሁ ነው።"

"አሁን መቼ አልኩ? ሲሞቱ።"

ሾርባው ትን አላቸው። ሳቃቸውን ጨርሰው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና "አንቺ ዓይንሽን በጨው የታጠብሽ!" አሉ። "ሴት ይህን ጭምብል አጥልቃ አታውቅም እኮ።"

"እንደ እኔ ያለች ሴት ስንት አይተዋል?"

"አንድ። እሷም ትበቃለች፤ ፈጣሪ ሁለተኛ አይጨምርብን።"

የቡድኑ አለቃ ፌደሪጎ ይህን ሲሰማ ፂሙን አሸ። ፌደሪጎ በመድረክ ላይ ስስታሙን ጌታ ይጫወታል፤ ከመድረክ ውጪ ስስታም ባይሆንም ፍርሃት አያጣውም። እንደ ተዋናይ ሁሉ በሕልም ያምናል፣ በገድ ያምናል፣ በሕግ ያምናል። "ባርባ ካሉ ይሁን። ግን ሕጉ እንደ ሕጉ ነው" አለኝ። የሚለው ሕግ እኛ ሁላችን የምናውቀው ነው፦ የረሃብተኛው አሽከር ጭምብል የሚተላለፈው፣ አሮጌው ባለቤት በሁለት እጅ ማሰሪያውን ከአዲሱ ራስ ጀርባ ሁለት ጊዜ ሲቋጥርለት ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ሰው በሕዝብ ፊት ቢያጠልቀው ቡድኑ ይበተናል ይባላል። ስለዚህ ባርባ ለልምምድ ከአሮጌ ጫማ ቆዳ ሌላ ጭምብል ቀደዱልኝ። ተረከዝ ተረከዝ ይሸት ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት አዋረደኝ። የጫማ ጭምብሌን አጥልቄ "ተርቤያለሁ" የሚለውን ያለ ቃል ላሳይ ተነሣሁ። ቅንድቤን ሰቀልኩ፣ ጉንጬን መጠጥኩ፣ ዓይኔን አቅበዘበዝኩ፤ አምጬ አምጬ ላቤ ጠብ አለ። ጨርሼ ሳያቸው ባርባ ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

"ጀመርሽ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ እንጂ!"

"እንግዲያው ቆዳው ውስጥ ላለው ጨለማ ጥሩ አድርገሽ ተጫውተሽለታል። እኔ ግን ከውጪ ነኝ።"

ይህ የአፍቃሪዎች በሽታ ነው። ሃያ ዓመት በፊቷ እንጀራዋን የበላች ሴት ፊቷ ሲሸፈን እዚያው ሽፋኑ ሥር ትቀራለች። ባርባ ዘንጋቸውን አንሥተው ጉልበቴን ነካ አደረጉ። "ረሃብ እዚህ ነው" አሉ። ክርኔን መቱት፤ "ኀፍረት እዚህ።" ተረከዜን፤ "ደስታ ከዚህ ነው የሚነሣው።" "ፍርሃት ሆድሽ ውስጥ ነው፤ እሱን ራስሽ ታውቂዋለሽ።" እኔም ከዚያ በኋላ በየመንገዱ በጉልበቴ ስራብ፣ በክርኔ ሳፍር ከረምኩ። ላቪኒያ እብደት መስሏት ትከሻዬን ታሻሸኝ ነበር።

"ሐዘንስ ባርባ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እሱን ሌላ ጊዜ።"

ሌላ ጊዜም ጠየቅኳቸው፤ ሌላ ጊዜ አሉኝ። አንጀቴ አረረ። ምክንያቱም የረሃብተኛው አሽከር ትልቁ ጨዋታ የአውራ ዶሮው ቀብር ነው። ጌታው የተኮላሸ የሰባ አውራ ዶሮ አስጠብሶ ለእንግዳ ያስቀምጣል፤ አሽከሩ ይበላበታል፤ ከዚያ "ታሞ ሞተ" ብሎ በአጥንቱ ላይ ለቅሶ ይቀመጣል። ይህን ጨዋታ ያለ ሐዘን ምን ላደርገው ነው?

ከዚያ ንግግሩ መጣ። የእኛ ሙያ መንገድ ነው፤ በሁለት ቀን መንገድ ቋንቋው ይለወጣል፣ በየወንዙ ማዶ ዳቦ ሌላ ስም አለው። ረሃብተኛው አሽከር ግን በሁሉም ከተማ የሚናገረው የማንም ያልሆነ ንግግር ነው፤ አንድም እውነተኛ ቃል የለበትም፣ ሁሉም ይሰማዋል። ባርባ እራት ላይ ጨው በዚያ ንግግር እንድለምን አዘዙኝ። በትክክል ካልለመንኩ ማንም እንዳያቀብለኝ ለሁሉም ነገሩ።

"ባራቱፎ ሚንጎ ላሌላ" አልኩ እጄን እየዘረጋሁ። ፌደሪጎ ፖሌንታ የምንለውን ገንፎ ይጎርሳል። ማንም ንቅንቅ አላለም።

"ምን አልሽ?" አሉ ባርባ።

"ጨው።"

"አላልሽም። ድምፅ አወጣሽ። አፍሽ ጨው ይላል፣ ልብሽ ግን የላቪኒያን አዲስ ቀሚስ ያያል።"

እውነታቸውን ነበር። ቀሚሱ ሰማያዊ ነበር፣ በእጅጌው ላይም ጥልፍ ነበረው።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ፤ "ቃል ሽፋን ነው። ግጥምሽን እያነበነብሽ ስለ እራት ብታስቢ ማንም አያውቅብሽም። እዚህ ግን ራቁትሽን ነሽ። ቃሉ ባዶ ሲሆን ሐሳቡ እስከ አፉ ሙሉ መሆን አለበት።"

አልጫ ፖሌንታ ስበላ ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ ማታ ንዴቴ ገነፈለና፣ ጨው ካልመጣ ጠረጴዛውን እንደምገለብጠው ከልቤ ቆርጬ "ግራፉሎ ቲንታ!" አልኩ። ፌደሪጎ ከሳህኑ ቀና ሳይል ጨውን ገፋ አደረገልኝ። ያደረገውን ያወቀው ካደረገው በኋላ ነው። ባርባ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ደበደቡ። ያን ቀን ብዙ ጨው ነስንሼ በላሁና ሌሊቱን ውሃ ስጠጣ አደርኩ።

የብርዱን ወራት የከረምነው ክሬሞና ነው። ቅበላ ሲቃረብ ወንዙን ተሻግረን ፓርማ ልንጫወት ተስማምተናል፤ የፓርማ ቅበላ የዓመቱ ጉርሳችን ነው፣ ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባና መድረክ ሁሉ ይዘጋል። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ባርባ ዛካሪያ ጫማቸውን ሲያደርጉ ከወንበራቸው ወደቁ። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣመመ፤ ቀኝ እግራቸውና ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰና በዘንግ መራመድ ጀመሩ። እጃቸው ግን አልተመለሰም። ቃላቸውም አልተመለሰም።

"ጋርቦ ሊሞ... ትራ... ሊሞ" ይላሉ። ላቪኒያ ሰምታ አፏን ያዘች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "አእምሯቸው ሄዷል" ተባለ።

እኔ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ ነበር። ቃሉን ትቼ፣ እንዳስተማሩኝ፣ ሐሳቡን አዳመጥኩ። ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት። ባርባ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ።

"እንዴት አወቅሽ?" አለ ሐኪሙ።

"ነገሩኝ እኮ! አልሰማህም? ጉሙ እግሬን ገደለኝ አሉ።"

ሁሉም በአዘኔታ አዩኝ፤ እሳቸውን በሚያዩበት ዓይን። እኔ ግን ለአንድ አፍታም አልተጠራጠርኩም። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ያለ ቃል ሲናገሩ ኖረዋል። አሁን ቃል ቢሄድባቸው ምን ጎደለባቸው? ጎረቤቱ ተሰደደ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም።

በቡድናችን አንድ ሌላ ሕግ አለ፤ አጭር ነው። የሚጫወት ይሳፈራል፣ የማይጫወት ይቀራል። ጋሪው ጠባብ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ይህንን ሁላችንም ተስማምተን ነው የገባነው። ፌደሪጎ የመነኮሳቱን የድኩማን ቤት አነጋገረና በክሬሞና የመጨረሻው ጨዋታችን ዋዜማ ወደ እኔ መጣ። ጭምብሉን በንጹሕ ጨርቅ ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ሳይነካ፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ ነበር።

"ኦርሶላ፣ ቀንሽ ደረሰ" አለኝ።

አልዋሽም፤ ልቤ ዘለለ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኔ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ሆንኩ። ጭምብሉን እፈልገዋለሁ፤ እንደ ውሃ ነው የምፈልገው። ግን ባርባ በማያውቁት ቤት፣ የሚናገሩትን ከማይሰሙ መነኮሳት ጋር፣ መስኮት እንዲዘጋላቸው እየለመኑ ሲቀሩ ታየኝ። እዚያ የእሳቸውን ንግግር የሚያውቅ ሰው የለም። በሳምንት ውስጥ በዝምታ ይሞታሉ።

ተያይዘን ወደ ክፍላቸው ገባን። ፌደሪጎ ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። "ባርባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። "ሕጉን ያውቁታል። ማሰሪያውን ይቋጥሩላት።"

ጀርባዬን ሰጥቼ አልጋው ሥር ተንበረከክኩ። ባርባ ጭምብሉን በግራ እጃቸው ፊቴ ላይ አስቀመጡት። ማሰሪያውን ይዘው ጎተቱ፤ ሌላው ጫፍ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ። በጥርሳቸው ያዙት፤ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ሞቀኝ፣ አፋቸው ጠማማ ነበርና አመለጣቸው። ከዚያ ሦስተኛውን አልሞከሩም። በፍጥነት የሆነ ነገር ተናገሩ፤ "ፓራቶርኮ! ሲንጋ ሊሞ ፓራቶርኮ!"

"ምን አሉ?" አለ ፌደሪጎ።

"ፌደሪጎ አህያ ነው አሉ።"

"ኦርሶላ!"

"እኔ ምን አደረግኩ? ሁለት ጊዜ ነው ያሉት፤ እኔ እንዲያውም ቀንሼልሃለሁ።"

ባርባ ከጀርባዬ በአፍንጫቸው ሲስቁ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ። ጭምብሉን አውልቄ ተነሣሁ።

"ሕጉ በሁለት እጅ ይላል" አልኩ። "ሁለት እጅ አላቸው?"

"ያው... ሁኔታው..."

"ሁኔታውን ተወው። አላቸው ወይስ የላቸውም?"

"የላቸውም።"

"እንግዲያው ጭምብሉ አልተላለፈም። ካልተላለፈ ነገ የሚያጠልቀው ባለቤቱ ነው። ከተጫወቱ ደግሞ ይሳፈራሉ። ሕግ አልክ እኮ!"

ፌደሪጎ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ ክፉ ሰው አታድርጊኝ። ሕዝቡ የታመመ ሰው አይቶ ያዝናል። ያዘነ ሕዝብ ደግሞ አይስቅም። አንዴ ካዘነ ጨዋታው አለቀለት፣ ወሬውም ከእኛ ቀድሞ ወንዙን ይሻገራል። ፓርማ ማን ይጠራናል?"

የተናገረው እውነት ነበር። እሱን አልደብቅም። "አንድ ጊዜ" አልኩት። "ነገ። ካልሳቁ፣ እኔ ራሴ ደግፌ መነኮሳቱ ጋ አደርሳቸዋለሁ።"

"አንቺስ?"

"እኔ መድረኩ ላይ አብሬያቸው እወጣለሁ። በጫማ ጭምብሌ።"

በማግስቱ አደባባዩ ላይ፣ ከትልቁ ደወል ማማ ሥር መድረካችንን ዘረጋን። ጉሙ ቀትር ላይ እንኳ አልተነሣም፤ ሰዉ የገዛ ትንፋሹን እየገፈፈ ያየን ነበር። ከፊት የሥጋ ሻጯ ተረዛ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። ከጎኗ የእኛን ቋንቋ የማይሰሙ የስፔን ወታደሮች ዘቢብና ለውዝ ይቆረጥማሉ። ፌደሪጎ ጌታው ሆኖ ዶሮውን አዝዞ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ወጣ። እኔ ሁለተኛው አሽከር ሆኜ ገባሁ፤ ትንሽ ሳቁ። ቀጥሎ ባርባ ዛካሪያ ገቡ።

ዘንጋቸው ሣንቃው ላይ ኳ፣ ኳ አለ። ቀኝ እጃቸው እንደ ባዶ ከረጢት ይወዛወዛል። በግራ እጃቸው የዶሮውን አጥንት የያዘ ሳህን ይዘው፣ ዘንጉን በዚያው ጣት ቆልፈው ነበር። አፋቸውን ከፍተው "ሊሞ... ትራ..." አሉ። ድምፃቸው ተጎተተ። ማንም አልሳቀም።

"ውይ ምስኪን!" አለች ተረዛ። "ታመዋል እኮ።"

ያ ቃል በአደባባዩ ላይ ሲዞር ይታየኛል፤ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ ዓይን። ከመጋረጃው ጀርባ የፌደሪጎን ትንፋሽ ሰማሁ። በዚያው ላይ ሳህኑ ከእጃቸው አመለጠ። አጥንቱ ተንከባለለና ከመድረኩ ወደቀ፤ አንድ ውሻ ሁሉንም አፍሶ በሰዉ እግር መሀል ተፈተለከ። ሟቹ ዶሮ ተሰረቀ። ቀብር አለ፣ ሬሳ የለም።

እኔ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሆዴ ውስጥ ፍርሃት እንዳለ አወቅኩት።

ባርባ ውሻው በሄደበት አፍንጫቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሕዝቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ እጃቸው፤ ልክ ያን ጊዜ መኖሩን እንዳዩት። ዘንጉን ጣሉ። በግራ እጃቸው የቀኝ እጅጌያቸውን ጫፍ ይዘው ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሡት፣ የጌታው ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሰማይ አጠፏቸው። የተጠበሰ ዶሮ እግር ሆነ። ዝቅ ብለው በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ ለእሱ ብቻ፣ "ኩኩ... ሉኩ?" አሉት።

አንድ የስፔን ወታደር ለውዙን ተፋና ፈነዳ።

ከዚያ የሟቹን ታሪክ ጀመሩ። አንድ ቃል የለበትም፤ ግን ከእንቁላል ሲወጣ አየነው፣ የመጀመሪያ ጩኸቱን ሲሞክርና ድምፁ ሲሰበርበት ሰማነው። ጎረምሳ ሆኖ ወደ እንስቶቹ ሲንጎማለል ደረሱና ቆም አሉ። በሁለት ጣታቸው መቀስ አሳዩ፤ "ቺክ!" አሉ። ከዚያ በኋላ እንስቶቹ ሲያልፉ ዶሮው ምን ይል እንደነበር "ላሌላ... ላሌላ..." ብለው በቀዘቀዘ ድምፅ ነገሩን። ሴቶቹ በመጎናጸፊያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ተረዛ ባሏን ትከሻውን ይዛ ትወዛወዝ ነበር።

ተራዬ ነበር፤ አልጠበቅኩም። ከኪሴ ጨው አወጣሁና፣ እያለቀስኩ፣ በሟቹ ላይ ነሰነስኩ። ባርባ በግራ እጃቸው ማጅራቴን አጮሉኝ። ዳቦ አወጣሁ፤ ያኛውንም ቀሙኝ። ለመሰናበት ጎንበስ ብዬ ጣታቸውን ወደ አፌ ሳስጠጋ "ግራፉሎ ቲንታ!" ብለው ጮኹብኝ። የጨው ልመናዬ! የራሴን ቃል መለሱልኝ። መድረክ ላይ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ፌደሪጎ እየጮኸ ገባ፤ "ዶሮዬ የት አለ?" ባርባ ክንዳቸውን በእጅጌው አንሥተው ለቀቁት። እንደ ሥጋ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ድምፁ ራሱ በቂ ነበር።

ከዚያ ያላየሁትን ነገር አደረጉ። ያን የሞተ እጅ ዳበሱት። ከጣቶቹ ጀምረው እስከ ክርን፣ አቧራ እንደሚያራግፉለት። "ሲንጋ ሊሞ" አሉት። ይህ ለዶሮው አልነበረም። ስንት ዓመት ጭምብል አጥልቀውበት፣ ተሸክመውበት፣ ስንት ሰው ራስ ጀርባ ማሰሪያ ቋጥረውበታል። ደህና ሁን አሉት። አደባባዩ ጭጭ አለ፤ ግን ማንም ምስኪን አላለም። ተረዛ እንባዋ በሳቋ ላይ ወርዶ ነበር፣ ሁለቱንም መጥረግ ረሳች።

ያን ዝምታ እስኪበቃ ጠበቁት፤ አንድ ትንፋሽ እንኳ አላስረዘሙትም። ከዚያ ክንዳቸውን በእጅጌው ይዘው አዞሩና የሞተው ዶሮ ጌታውን በጥፊ አጠናገረው። ፌደሪጎ እውነትም ተንገዳገደ። ጩኸቱ ከማማው ላይ እርግቦቹን አስነሣቸው።

ከመጋረጃው ጀርባ ፌደሪጎ ጉንጩን እያሸ መጣ። ቀልቶ ነበር። ባርባን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬት አየ።

"ጋሪው ላይ ድርቆሽ ይጨመርላቸው" አለ በመጨረሻ። "ሣንቃው ይቆረቁራል።"

ባርባ አጠር አድርገው የሆነ ነገር ተናገሩ። ፌደሪጎ ወደ እኔ ዞረ።

"ሾርባዬስ? አሉ" አልኩት።

በማግስቱ ወንዙን አብረን ተሻገርን። ፓርማ ላይ ሕዝቡ "ዶሮው! ዶሮው!" እያለ ጠራን። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የባርባ ክንድ ሕፃን ሆነ፣ ዓሣ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ለሠርግ የመጣች ባለጌ አማት ሆነ። እኔ በጫማ ቆዳዬ ሁለተኛውን አሽከር ሆኜ ከጎናቸው ቆየሁ። ጥርስ የማናስከድን ጥንድ ነበርን፤ ሌላ ቡድን ሲቀናብን ደስ ይለኝ ነበር።

ማንቶቫ ላይ፣ በሌላ ቅበላ ሰሞን፣ ባርባ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ጭምብሉ ጭናቸው ላይ ነበር። ፌደሪጎም ቆሟል። ባርባ ተንበርከኪ አሉኝ፤ ተንበረከክኩ። ጭምብሉን ፊቴ ላይ አስቀመጡና የማሰሪያውን አንድ ጫፍ በግራ እጃቸው ያዙ። ሌላውን ጫፍ በክርናቸው ወደ ጆሮዬ ገፉልኝ። ገባኝ። ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ያዝኩት።

እሳቸው ሲያሾልኩ እኔ ስይዝ፣ እኔ ስስብ እሳቸው ሲለቁ፣ ብዙ ቆየን። ሁለት ጊዜ ተሳሳትን፣ ሁለት ጊዜ ሳቅን። በመጨረሻ ቋጠሮው ጠበቀ፤ ደገምነው።

"ሕጉ ግን..." አለ ፌደሪጎ ጉሮሮውን እየጠራረገ።

"በሁለት እጅ ይላል" አልኩት ሳልዞር። "ቁጠር።"

አልቆጠረም። አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት።

"ባርባ" አልኩ፣ "ሐዘንስ? አሁንም ሌላ ጊዜ ነው?"

ባርባ ቋጠሮው ላይ የቀረውን ቀኝ እጄን በግራ እጃቸው ያዙና እዚያው አቆዩት። ከዚያ ለቀቁት። ሳምንቱ ሳያልቅ ማንቶቫ ውስጥ ቀበርናቸው፤ ፌደሪጎ ኮፍያውን ሬሳ ሣጥኑ ላይ ረስቶት ተመለሰ።

አሁን ረሃብተኛው አሽከር እኔ ነኝ። ልጃገረድ ሆኜ ካለቀስኩበት አደባባይ ይልቅ አሽከር ሆኜ ያሳቅሁበት ይበዛል፤ ሴት መሆኔንም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ይስቃል። ጭምብሉን ራሴ አስራለሁ፤ ሁለት ጤነኛ እጅ አለኝ። ብቻ ሁልጊዜ ቀኝ እጄ ቀድሞ ወደ ኋላ ይሄድና ማሰሪያውን ይዞ ትንሽ ይቆማል። ሌላውን ጫፍ የሚይዝለትን ሰው ይጠብቃል። ሐዘን የሚኖረው እዚያ ነው፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር። የዶሮውን ቀብር ስጫወት ከዚያ አወጣዋለሁ። ከዚያ ግራ እጄን እልክለታለሁ፣ ሁለት ጊዜ እቋጥራለሁ፣ ወጥቼ አስቃቸዋለሁ።